የእብሬ ባዶ መደርደሪያ

በአላህ ስም ጀምረናል። በነቢያችን ላይ ሰለዋት አውርዱና ስሙኝ፤ በተለይ እናንተ ሱቅ ያላችሁ። የዛሬው ወሬ የናንተው ነው፤ ቅር የሚለው ካለ ከወዲሁ አውፍ ይበለኝ።

መስጂዷና ገበያዋ ግድግዳ በሚጋሩባት በአንዲት አሮጌ ከተማ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ማር ነግደው ያረጁ ሰው ናቸው። ሐጅ የሚሄድ የቤቱን ቁልፍ፣ ልጇን የምትድር እናት ጥሎሹን፣ ሁሉም አማናውን የሚያስቀምጠው እሳቸው ዘንድ ነው።

እብሬ ደግሞ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ጣቃውን በትከሻው ተሸክሞ ከገበያ ገበያ ሲዞር ኖሮ፣ ሚስቱ ሰአዳ የብር አምባሯን ሸጣለት ገና በዚያ ዓመት ሱቅ መክፈቱ ነበር። ሱቅ ካለ ግብር አለ፤ ግብር ካለ ገማች አለ። በዚያ ከተማ ገማቹ ሱቁን ያይና «ይሄ ሰው በቀን ይህን ያህል ይሸጣል» ብሎ ይገምታል፤ ግብሩም የሚቆረጠው በዚያው ነው።

የገበያው ሰው ለዚህ መላ ነበረው። ገማች መጣ ሲባል እያንዳንዱ ከመደርደሪያው ትንሽ ያጎድላል። «አንተም አሳሳው እንጂ» ብለው እብሬን መከሩት። የኛ እብሬ ግን ፈሪ ነው፤ ፈሪ ደግሞ ልክ አያውቅም። አሳሳ ቢሉት ጠራርጎ አወጣው! ከአስር ሰላት በኋላ ዕቃውን ሁሉ በአህያ ጭኖ ሐጂ ሙዘይን ደጅ ቆመ።

«ሐጂ፣ የሱቄ ጣሪያ እያፈሰሰ ነው። ዝናቡ እስኪያልፍ ዕቃዬን ይያዙልኝ።»

«አስገባው ልጄ፣ አማና ነው» አሉት። «ግን ጠያቂ ከመጣ ያለውን አለ ነው የምለው።»

«ኧረ ማን ይጠይቅዎታል!» አለ እብሬ። አለ እንጂ ሌሊቱን የሐጂን ቃል እያሰበ ሲገላበጥ አደረ።

በማግስቱ ገማቹ መጣ። ባዶውን መደርደሪያ አየ፣ በጣቱ ዳሰሰው፤ አቧራ የለም።

«ማሻአላህ!» አለ። «ሌላው ሱቅ ግማሹ ሳይሸጥ ቆሟል፣ አንተ ጠርገህ ሸጠሃል። ገበያ እንዲህ ነው!» ብሎ ከትልልቆቹ ነጋዴዎች ተርታ ጻፈው።

እብሬ በጣቱ አሰላ። ያን ግብር ለመክፈል ጣቃውን ሁሉ ሸጦ፣ ሱቁን ዘግቶ፣ ወደ ትከሻ ንግዱ መመለስ ነው።

«ጌታዬ፣ አልሸጥኩትም!»

«ታዲያ የት ገባ?»

ምን ይበል? ደብቄዋለሁ ቢል ቅጣት አለ።

«እስከ ዙሁር እዚሁ ገበያ ነኝ» አለ ገማቹ። «ማስረጃ ካለህ መዝገቡን ሳላትመው አምጣ።»

እብሬ ቤቱ ሮጦ ለሰአዳ ነገራት። እሷም ባዶ ክንዷን እያሻሸች «ሂድና ሐጂን ጥራ፤ ዕቃው የት እንዳለ የሚመሰክሩ እሳቸው ናቸው» አለችው።

«ዋሽቻቸዋለሁ እኮ!»

«እንግዲያው አፍረህ ዳን።»

ሐጂ መስጂዱ ደጃፍ ውዱእ ሲያደርጉ አገኛቸው። «ይድረሱልኝ፤ ዕቃዬ ተሸጧል ተባልኩ» አላቸው እንጂ ስለ ጣሪያው ትንፍሽ አላለም። እሳቸውም ምንም ሳይጠይቁ ተከተሉት። ገማቹ ሲያያቸው ከመቀመጫው ተነሳ።

«የዚህ ሰው ዕቃ እርስዎ ዘንድ ነው፣ ሐጂ? እርስዎ ካሉ አምናለሁ።»

«እኔ ዘንድ ነው። እንደገባ አለ።»

«ዕቃው ምን ሊያደርግ እርስዎ ዘንድ መጣ?»

የገበያው ሰው ጆሮውን አቆመ። እብሬ ወደ ሐጂ ጠጋ ብሎ «ጣሪያው አፍስሶ ነው ይበሉልኝ» ብሎ አንሾካሾከ።

«እብሬ ጣሪያዬ ያፈሳል ብሎኛል» አሉ ሐጂ። «ጣሪያውን ግን እኔ አላየሁትም።»

ሁሉም ወደ ላይ ቀና አለ። አዲስ ቆርቆሮ፣ ያብለጨልጫል። እብሬ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ። የሰአዳ ባዶ ክንድ ትዝ አለው።

«አያፈስም» አለ። «ግብር ፈርቼ ደብቄው ነው። ሐጂንም ዋሽቻቸዋለሁ። አውፍ በሉኝ።»

ገማቹ ሳቁ አመለጠው። «በዚህ ሥራ ስኖር ዕቃዬን እይልኝ ብሎ የለመነኝ ነጋዴ አንተ የመጀመሪያው ነህ!»

ሐጂ ቤት ሄዶ ጣቃውን አየ። የቀድሞውን ግምት ሰረዘና እብሬን ከትንንሾቹ ነጋዴዎች ጋር ጻፈው።

«ሳላትመው በራስህ አፍ ስለተናገርክ ቅጣት የለብህም» አለው። «ለከርሞ የገዛህበትን ደረሰኝ አስቀምጥ። ግምቴ ከበዛብህም አቤት በል፣ መብትህ ነው። መደበቅ ግን መብት አይደለም።»

እብሬ «አልሐምዱሊላህ!» ብሎ እዚያው ሱጁድ ወረደ። ሰአዳም ወሬውን ሰምታ መጥታ እልልታዋን አቀለጠችው። ዕቃው በጠራራ ፀሐይ ወደ ሱቁ ሲመለስ እነዚያ መካሪዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ጣቃ ያግዙት ነበር። አንደኛውማ ሹልክ ብሎ ሄዶ አማቱ ቤት የከተተውን ጆንያ ተሸክሞ መጣ!

ሁሉ ሲያልቅ እብሬ ሐጂን «አፍስሷል ቢሉት እኮ ያምንዎት ነበር» አላቸው።

«እሱን ብዋሸው ዕቃው እኔ ዘንድ ነው ያልኩትንስ በምን ያምነኝ ነበር?» አሉና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «ልጄ፣ ሐቅን የደበቀ የራሱን ምስክር ነው የደበቀው።»

አያችሁ? እብሬ ሲፈራ ያደረው የሐጂን ምላስ ነበር፤ ያወጣውም ያው ምላስ ነው። እኛስ ስንቴ ነው የሚያድነንን ነገር ከሰው ዓይን ስንሸሽግ የኖርነው? ግምት በዛብኝ የሚል ደረሰኙን ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ አቤት ይበል፤ ሪዝቅ ከአላህ እንጂ ከባዶ መደርደሪያ አይመጣም። አላህ ከእውነተኞቹ ጋር ያድርገን። አሚን በሉ! አማቱ ቤት ጆንያ ያለው ደግሞ ጮክ ብሎ ይበል።