ጅረቱን ያጠረው ሰው

ዘርፌ የምትባል ሴት ወደ አባ ኅሩይ መጥታ፣ «አባ፣ ከአራስነቱ ጀምሬ ያሳደግሁት ልጅ የወለደችውን ሴት ፈልጎ ሊያያት ተነሥቷል። ልሂድ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ እስካሁን መልስ አልሰጠሁትም። ልከልክለው ወይስ ልልቀቀው?» አለቻቸው። አባ ኅሩይ ጥያቄን በቀጥታ መመለስ አይሆንላቸውም። እንዲህ ብለው ጀመሩ።

አንድ ሰው ነበረ፤ ግድብ ነበረው። አገሩ ውርጭ የማይለየው ደጋ ነው። ከተራራው የሚወርደውን ጅረት ገድቦ ውኃ አጠራቀመ። ከዚያም የሁለት ቀን መንገድ ሄዶ፣ ትራውት የሚባለውን ዓሣ ገና ጫጩት ሳለ በጀሪካን አዝሎ አመጣ። ይህ ዓሣ ቀዝቃዛ ውኃ ካላገኘ አይኖርም። ስለዚህ ሰውየው ወንዝ ባገኘ ቁጥር ውኃውን እየለወጠ፣ ጀሪካኑን በእርጥብ ጨርቅ እየጠቀለለ፣ ራሱ እህል ሳይቀምስ አደረሳቸው።

ዓሦቹ አደጉ። በጎናቸውም ቀስተ ደመና የመሰለ መስመር ወጣ። ሰውየው ማለዳ ማለዳ፣ ጉም ውኃውን ሸፍኖት ሳለ፣ መንጠቆውን ይዞ ከዳር ይቀመጣል። ጉሙ ሲሳሳ ከሥር ቀላ ያለ ነገር ብልጭ ይላል፤ ወዲያው ይጠፋል። በዚያች ሰዓት በሕልም ይሁን በውን አይለይም ነበር። ሰማዩ ወርዶ ግድቡ ውስጥ የገባ፣ ዓሦቹም በደመና መካከል የሚዋኙ ይመስለዋል። አንዳንዴ ለቤቱ አንድ ያወጣል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዘንጉን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሲያያቸው ያረፍዳል። ይወዳቸው ነበር፤ ሌላ ቃል የለውም።

በሦስተኛው ዓመት ዓሦቹ ጅረቱ ወደ ግድቡ በሚገባበት አፍ ላይ መሰብሰብ ጀመሩ። ራሳቸውን ወደሚፈሰው ውኃ አዙረው ይቆማሉ። አንድ ማለዳ ሁለቱ ዘለው በጅረቱ ሽቅብ ሲሄዱ አየ። ልቡ ስንጥቅ አለ። «አዝዬ ያመጣኋቸው ሊከዱኝ ነው» አለ። በዚያው ቀን ቀርከሃ ቆርጦ፣ ውኃ እንጂ ዓሣ የማያሳልፍ አጥር ጎንጉኖ የጅረቱን አፍ ዘጋ። በዚያ ብርድ ላቡ ሲንጠባጠብ ያየችው ሚስቱ፣ «ፈሪ ውኃ ውስጥ ያልበዋል ሲሉ እሰማ ነበር፤ ዛሬ በዓይኔ አየሁ» አለችው። አልሰማትም። እጀ ብልኅ ነበርና አጥሩ እንከን አልወጣለትም።

ዓሦቹ ግን ወደ ግድቡ መካከል አልተመለሱም። ከአጥሩ ሥር ቆሙ። የጣለላቸውን ትል አልነካ አሉ፤ አፍንጫቸው በቀርከሃው ተላላጠ። እንቁላላቸውን እዚያው ከቆመው ውኃ ውስጥ ጣሉት፤ ደለልም ዋጠው። የዚህ ዓሣ እንቁላል በሚፈስ ውኃ፣ በጠጠር መካከል ካልሆነ አይፈለፈልም። ሰውየው ይህን አያውቅም፤ ማን ይንገረው? በዓመቱ በግድቡ ውስጥ አንድም ጫጩት አልታየም። ከትልልቆቹም ግማሾቹ አለቁ።

የተረፉት ወቅቱ ሲደርስ እንደገና ወደ አጥሩ መጡ። ሰውየው በማለዳው ጉም ውስጥ አጠገባቸው ተቀመጠ። አንዲት ትልቅ እንስት ግንባሯን ቀርከሃው ላይ አስደግፋ ቆማለች። ሊያርቃት እጁን ውኃ ውስጥ ከተተ። አልሸሸችም፤ መዳፉ ላይ ተኛች። ውኃው እጁን አደነዘዘው፤ የትኛው እጁ የትኛው ዓሣዋ እንደሆነ ጠፋው። የልቧ ትርታ ብቻ ይሰማዋል። ራሷ አሁንም ወደ ጅረቱ ዞሯል። ያኔ ተነሥቶ ውኃው ውስጥ ገባና አጥሩን በገዛ እጁ ነቀለው። ዓሦቹ በእግሮቹ መካከል እያለፉ ሲሄዱ፣ ሰውየው እንደ ቆመ አለቀሰ።

ግድቡ ጭር አለ። ሰውየው ዳር ቁጭ ብሎ ጎረቤቱ ሲያየው፣ «ምነው፣ ዘንድሮ ደግሞ ጉሙን ልታጠምድ ነው?» እያለ ያሾፍበት ነበር።



«ተመለሱ ወይ?» ብላ ዘርፌ አባ ኅሩይን ጠየቀቻቸው።

«ሁሉም ተመለሱ ብልሽ መዋሸት ይሆንብኛል። ጥቂቶቹ ከሳምንታት በኋላ ከስተው ወረዱ፤ የቀሩት የት እንደ ደረሱ አይታወቅም። ሰውየው ግን አንድ ቀን ጅረቱን ተከትሎ ሽቅብ ወጣ። ጎንበስ ቢል፣ ከገብስ ቅንጣት እምብዛም የማይበልጡ ዓሦች በጠጠሩ መካከል፣ በፀሐዩ ብርሃን ውስጥ ይርመሰመሳሉ። እዚያው ተንበረከከ።

«አየሽ ልጄ፣ ዓሦቹ እሱን አልጠሉትም። ግድቡም ክፉ አልነበረም። ከግድቡ በላይ ግን የሚጠራቸው ውኃ ነበረ። ያንቺም ልጅ እንዲሁ ነው። ሊክድሽ ቢሆን ኖሮ ልሂድ ወይ ብሎ አይጠይቅሽም ነበር። ብትከለክይው ይቀርልሻል፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ ይታዘዝሻል። ነገር ግን አጠገብሽ ተቀምጦ ሳለ ታጪዋለሽ።»

«ካልተመለሰስ፣ አባ?»

«ያኔ ታለቅሻለሽ፤ እኔም አብሬሽ አለቅሳለሁ። አሁን ግን ሂጂና ስንቁን አዘጋጂለት፤ ልብሱንም እጠቢለት። ያቺ ሴት በሯን ከፍታ ስታየው፣ አሳዳጊ ያልበደለው ልጅ መሆኑን በዓይኗ ትመልከት።»