ፊት የሌላቸው አውሬዎች

አንድ ቀን የሰባት ዓመቷ ማኅደር እናቷ ያነሳቻቸውን ፎቶዎች አልጋ ላይ ደርድራ ስታይ ቆየችና፣ «እማዬ፣ የኛ ደን አውሬዎች ፊት የላቸውም እንዴ?» ብላ ጠየቀች።

እናቷ ወይዘሮ ይርገዱ ጎንበስ ብላ ፎቶዎቹን አየች። ልጅቷ እውነቷን ነው። አንዱ ፎቶ የድኩላ ጀርባ ነው። ሌላው ቅጠል ውስጥ የሚገባ የጉሬዛ ጭራ። ሦስተኛው ጅግራ ናት ብላ ትምላለች እንጂ የሚታየው አቧራ ብቻ ነው። ይርገዱ በከተማዋ የክርስትናና የመታወቂያ ፎቶ አንሺ ናት። ሰው ካሜራዋን ሲያይ ፀቡን እንኳ አቋርጦ ኮሌታውን ያስተካክላል፤ «ቀና በሉ» ስትል ቀና ይላል። ድኩላ ግን «ቀና በል» ቢሉት አይሰማም። ሞክራዋለች።

ያን ሰሞን የኪዳነ ምሕረትን ደን ሰው በመጥረቢያ እየጨረሰው ስለነበር፣ የደብሩ ሽማግሌዎች መግቢያው ላይ አንድ ትልቅ የአውሬ ፎቶ ሊሰቅሉ ተስማሙ፤ ቆራጩ፣ ውስጥ ነፍስ ያለው ፍጡር እንደሚኖር አይቶ እንዲያፍር። ይርገዱም አፏ አምልጧት «የኔ ነው የሚሰቀለው» ብላ ለልጇ ቃል ገባች።

ፎቶውን እንዲመርጥ ከአዲስ አበባ የተጠራው የዱር አውሬ ፎቶ አንሺው አቶ ሱራፌል ነበር። ኪሱ ተቆጥሮ የማያልቅ ሰደርያ የለበሰ፣ ስለ አውሬ የማያውቀው ነገር የሌለ ሰው ነው። መራጭ ሆኖ መጣና፣ ደብሩ ጋ ሁለት ቀን ሰንብቶ ራሱ ያነሳውንም ፎቶ ለምርጫው ይዞ ቀረበ። ሰንበቴ ቤቱ ውስጥ ሽማግሌዎቹ ዙሪያውን ተቀምጠው ሳለ የይርገዱን ፎቶዎች አንድ በአንድ ገለጠ።

«እሜቴ፣ እነዚህ አውሬዎች ተቀይመውዎታል?»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ።

«ለመሆኑ ሲሄዱ ምን ለብሰው ነው?»

«ምን እለብሳለሁ? ከኪዳን እንደወጣሁ ነው የምገባው፤ ነጠላዬን እንደለበስኩ።»

«ነጭ ነጠላ! ጫካ ውስጥ! አውሬው እኮ ከሩቅ ሲያይዎ ጥምቀት የደረሰ ነው የሚመስለው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ይርገዱም አብራ ሳቀች፤ ምን ታድርግ? ሦስት ዓመት ሙሉ ሌንሱን ጠርጥራ ነበር፣ ድኩላውንም ጠርጥራ ነበር፤ ነጠላዋን ግን አንድ ቀን አልጠረጠረችም።

አቶ ሱራፌል ያኔ የራሱን ፎቶ አወጣ። ወረቀቱን የሞላ ጦጣ ነው፤ ዓይኑ ፍጥጥ ብሎ በቀጥታ ያያል።

«ፊት ማለት ይህ ነው። ዱር ማለት ይህ ነው። ለዚህ ሁለት ሰዓት ጠብቄያለሁ። አንዲት እንኳ ፊት ያላት ፎቶ ካለዎት አሁኑኑ ያምጡ፤ ከሌለዎት የኔ ይሰቀል።»

ይርገዱ ፎቶውን ተቀብላ አየችው። የጦጣው ግራ ጆሮ ተቀዷል። ይህን ጆሮ የማያውቅ የደብሩ ሰው የለም፤ ፀበልተኞች ደጅ ሆኖ ፌስታል የሚበረብር እሱ ነው። ባለፈው እሑድ የማኅደርን ዳቦ ከእጇ ቀምቷል።

«ጌታዬ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «ይህን ሲያነሱ ኪስዎ ውስጥ ምን ነበር?»

«ምን ይኖራል? ባትሪ፣ ሌንስ...» ትንሽ አሰበና ድምፁ ወረደ። «ቆሎ።»

«እንግዲያው ይህ ጦጣ ያየው እርስዎን አይደለም፤ ቆሎውን ነው። እኛም ሹም ደጅ ስንቆም ዓይናችን እንዲሁ ነው። የኔ ድኩላ ግን ከሰው የሚፈልገው ነገር የለውም፤ ምን ብሎ ዞሮ ያየኛል?»

የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ መሪጌታ ኅሩይ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። አቶ ሱራፌል ቀስ ብሎ የአንድ ኪሱን ዚፕ ዘጋ።

«የሷ ይሰቀል!» አሉ መሪጌታ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «መጥረቢያ ይዞ የሚመጣ ሁሉ፣ ድኩላው ጥሎት ሲሄድ ይይ!»

በማግስቱ ጠዋት ይርገዱ ከኪዳን ስትወጣ ነጠላዋን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። የባሏን አረንጓዴ ካፖርት ደርባ አንድ ወይራ ሥር ተቀመጠች። ብዙም ሳትቆይ ድኩላው ከቁጥቋጦው ወጣ፣ ቆመ፣ ዞረ። አፍንጫው እርጥብ ነው፤ ጉንጩ ላይ ነጭ ነጥብ አለችው። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ያኔ ካሜራውን መጫን የነበረበት ቀኝ እጇ ሳታዘው ወደ ግንባሯ ሄደና አማተበ፤ ተመልሶ ካሜራው ላይ ሲደርስ ድኩላው ዞሯል። ጀርባውን ፎቶ አነሳችና፣ ፊት እንዳለው ለማኅደር ልትነግራት ወደ ቤቷ ሮጠች።