በደረጃ የተደረደሩ ዴስኮች

አንድ በውጤት የሚመካ ርዕሰ መምህር ነበር። በየወሩ ፈተና ሲታረም የተማሪዎቹን ስም ከአንደኛ እስከ መጨረሻ ግድግዳ ላይ ይለጥፍና በዚያው ተራ ያስቀምጣቸዋል። ጎበዝ ከፊት፣ ሰነፍ ከኋላ። ይህንንም «ማበረታቻ» ይለዋል። ከኋላ ያሉት በምኑ እንደሚበረታቱ ግን አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም።

ባንቺአምላክ የምትባል የአራተኛ ክፍል ተማሪ መስከረም ላይ፣ ገና ፈተና ሳይኖር፣ አጭር ስለሆነች ፊት ነበር የተቀመጠችው። ኅዳር ላይ መሐል፣ ጥር ላይ መጨረሻው ዴስክ ደረሰች። በየካቲት አባቷ ተጠሩ። «ልጅዎ ትምህርት አይገባትም፤ ቤት ውላ ብታግዝዎ ይሻላል» ተባሉ። ምስኪኑ ሰውዬ ከሰኞ ጀምሮ ሊያስቀሯት ተስማሙ።

በቅርቡ ተዛውራ የመጣችው መምህርት ስንዱ ይህን ስትሰማ ደሟ ፈላ። የማርክ መዝገቡን ከፍታ ድምሩን ተወችና ፈተናዎቹን አንድ በአንድ አየች። ልጅቷ በቃል ጽሕፈት አሥር ከአሥር። መምህሩ አንብቦ በሚጠይቀው ሒሳብ ዘጠኝ። ወረቀት ስለማይበቃ ሰሌዳ ላይ በሚጻፈው ፈተና ግን ሦስት፣ አንድ፣ ዜሮ። ይህ ሁሉ ለወራት እዚያው መዝገብ ላይ ተጽፎ ተቀምጧል!

መዝገቡን ይዛ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች።

«ይህችን ልጅ በምን አባረሯት?»

«ውጤቷ ይኸው እኮ ነው። ቁጥር ይዋሻል እንዴ?»

«ቁጥሩማ አልዋሸም! እርስዎ ደመሩት እንጂ መቼ አነበቡት?»

የመጎተት ያህል ክፍል ድረስ ወሰደችውና መጨረሻው ዴስክ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ ፊቱ ጠየቀቻት።

«ባንቺዬ፣ እዚህ ሆነሽ ሰሌዳው እንዴት ነው የሚታይሽ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። «ነጭ ነጭ ነገር ነው። ለሌሎቹም እንደዚያ የሚታያቸው መስሎኝ... እነሱ ጎበዝ ስለሆኑ የሚገባቸው።»

ርዕሰ መምህሩ በሐፍረት ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ስንዱ ግን አላዘነችለትም። ነገሩ ለአባቷ ተነገራቸውና፣ ቤት ልትቀር በነበረበት ሰኞ ባንቺአምላክ ከሰሌዳው ሥር ተቀመጠች፤ የግድግዳው ዝርዝርም ተቀደደ።

ማርክ የሚሰጠው ልጅን ለመደርደር አይደለም፤ ምን እንደጎደለው ለመጠየቅ ነው። ሳይጠይቅ ደምሮ የሚፈርድ ሰው፣ ልጁ ራሱን ደደብ ነኝ ብሎ እንዲያምን ያደርገዋል፤ ይህ ደግሞ በደል ነው፤ ሌላ ስም የለውም። እርስዎስ፣ ልጅዎ ካርድ ይዞ ሲመጣ ደረጃውን አይተው ከመቆጣትዎ በፊት ምን ብለው ጠየቁት?