ባርኒ ማጊንና «የፖስተኛው ሰርግ»

ይህን እኔ በዓይኔ አላየሁትም፤ የነገሩኝም ሰዎች አላዩትም። እነሱ ከአባቶቻቸው ሰሙት፤ አባቶቻቸው ከማን እንደሰሙት ደግሞ የጠየቀ የለም። ጨዋታ ከጣፈጠ ማን ምንጩን ይጠይቃል?

በጋዝ መብራት ዘመን ኒውዮርክ ውስጥ ባርኒ ማጊን የሚባል የአየርላንድ ተወላጅ ተዋናይ ነበር። ቁመቱ አጭር፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ምላሱ ስል። «የፖስተኛው ሰርግ» በሚባል ዘፈን የበዛበት አስቂኝ ትያትር ላይ ሙሽራውን ሆኖ ይጫወታል። ትያትሩ ኋላ አራት መቶ ጊዜ ታይቶ ከተማው ሁሉ ዜማዎቹን በየመንገዱ ሲያፏጭ ከረመ። መጀመሪያ ላይ ግን ሊሞት አንድ ሐሙስ ነበር የቀረው።

የአዳራሹ ባለቤት ሚስተር ግሪምሾ ቋጣሪ ሰው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት የወንበሩ ግማሽ ባዶ መሆኑን ሲያይ ተዋንያኑን ሰብስቦ፣ «በወሩ መጨረሻ ሰው ካልሞላ፣ እናንተን አባርሬ ቤቱን ድርቆሽ እሞላዋለሁ!» አለ። በረዶ መጣል ጀምሯል፤ ሃያ ሁለት ሰው መግቢያ ሊያጣ ነው። ልብስ ሰፊዋ አሮጊት ሚስስ ኦዴል ደግሞ ከመድረኩ ጀርባ ካለችው ጓዳ በቀር ቤት የላቸውም። እዚህ ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል። ሁሉም አንገቱን ሲደፋ ባርኒ ብቻ ቀና አለ።

«መልካም ነው ጌታው፤ በመጨረሻ እርስዎ የሚያጣጥሙት ነገር ሊገባበት ነው።»

ግሪምሾ ነገሩ የገባው ቤቱ ደርሶ ጫማውን ሲያወልቅ ነው ይባላል።

በዚያው ሰሞን አንድ ስመ ጥር የጋዜጣ ሐያሲ «ትያትሩ አንድም ጆሮ የሚገባ ዜማ የለውም» ብሎ ጻፈ። ሰውየው ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጋረጃው መውረድ ሲያንኮራፋ ያላየው አልነበረም። ባርኒ መንገድ ላይ አገኘውና ባርኔጣውን አንሥቶ እጅ ነሣ። ሐያሲው፣ «ተቀየምከኝ እንዴ? እኔ እኮ የሰማሁትን ነው የጻፍኩት» አለው።

«ኧረ በጭራሽ! ጥፋቱ የኛ ነው፤ እንዳንቀሰቅስዎ ብለን ቀስ ብለን ዘፈንን።»

ይህች መልስ ከጋዜጣው ቀድማ ከተማውን አዳረሰች። ሰዉም ባርኒን ለማየት መምጣት ጀመረ።

ሰው ሲመጣለት ግሪምሾ መብራት የሚጨምር መስሏችሁ ከሆነ ሰውየውን አላወቃችሁትም። «ዘፈን በጨለማም ይሰማል» ብሎ የጋዙን መብራት ግማሹን አስጠፋ። ባርኒ ሙሽራይቱን የሚስምበት ቦታ ሲደርስ ዘፈኑን አቋርጦ፣ እጆቹን እንደ ዓይነ ስውር ዘርግቶ ወደ ባለቤቱ ሰገነት ዞረ።

«ጌታው፣ የምስመው ሙሽራዋን ይሁን ከበሮ መቺውን በምን ልወቅ?»

ሳቁ ሳያባራ መብራቱ ሁሉ በራ።

ሌላ ቀን ደግሞ አንዲት የባለጸጋ ሚስት ሙሉ የሰጎን ላባ የተሰካበት ባርኔጣ ደፍተው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ። ከኋላ ያለው ሕዝብ አጉረመረመ። አስተናጋጆቹ ባልየውን ፈርተው ወደ ሴትዮዋ አልቀረቡም። እሳቸውም ነገሩ ገብቷቸው፣ ማን ደፍሮ ያስወልቀኛል በሚል ዓይን መድረክ ላይ ወዳለው ባርኒ አፈጠጡ።

«እመቤቴ፣ አደራዎን እንዳያወልቁት! ከኋላዎ ያሉት ድምፄን ብቻ ሰምተው መልከ መልካም መስያቸው ተቀምጠዋል።»

ሴትዮዋ ከሁሉ ቀድመው ሳቁና ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ። በማግሥቱ ጓደኞቻቸውን ሁሉ ይዘው መጡ፤ ያን ወር አዳራሹ መቆሚያም ጠፋበት።

ግሪምሾ ግን አልበቃውም፤ እሁድም ክፈቱ አለ። በከተማው ሕግ ደግሞ እሁድ ቀልድ ክልክል ነው፤ የሚፈቀደው መንፈሳዊ መዝሙር ብቻ። ስለዚህ ተዋንያኑ ጥቁር ልብስ ለበሱ፣ በሩ ላይ «መንፈሳዊ ዝግጅት» ተብሎ ተለጠፈ፣ ውስጥ ግን ፖስተኛው እንደልማዱ አገባ። ሚስተር ፕራት የሚባል የሰንበት ተቆርቋሪ ገብቶ እስከ መጨረሻው አይቶ ከሰሳቸው። ከተፈረደባቸው ፈቃዱ ይሰረዛል፤ ድርቆሹ ይገባል።

ችሎት ላይ ፕራት፣ «ክቡር ዳኛ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀልድ ነበር!» ሲል ባርኒ ተነሥቶ፣ «እርስዎስ ሳቁ?» ብሎ ጠየቀው።

«እኔ? በሰንበት? አንዴም ጥርሴ አልታየም!»

«ሰምተዋል ክቡር ዳኛ፤ አንዴም ያላሳቀ ነገር ቀልድ አይባልም።»

ችሎቱ ሳቀ። ፊታቸው የማይፈታው ዳኛ ሆብስ ግን ጠረጴዛውን መቱ። «የሱ አለመሳቅ ምንም አያስረዳም፤ ይህ ሰው ሲወለድም የሳቀ አይመስለኝም። እዚያ የነበረ፣ የታመነ ሌላ ምስክር ካላመጣህ ፈቃዱን አሁኑኑ እሰርዘዋለሁ» አሉት።

ባርኒ ዞር ብሎ ሚስስ ኦዴልን አያቸው፤ ሻርፓቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። ከዚያ ወደ ዳኛው ቀረብ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ የታመኑ ሰው አውቃለሁ፤ እሁድ ዕለት ግራ ሰገነት ላይ ተቀምጠው እንባቸውን በመሐረብ ሲጠርጉ አይቻቸዋለሁ። መዝሙር አስለቅሷቸው ይሁን ቀልድ አስቋቸው፣ ራሳቸው ቢናገሩት ይሻላል፤ ከዚያ ወንበር ወርደው ይመስክሩ ማለቱ ግን ድፍረት ሆነብኝ፣ ክቡር ዳኛ።»

ዳኛ ሆብስም ፊታቸው ሳይፈታ፣ «መዝሙር ነበር» ብለው ክሱን ዘጉት።