ሞትን የለመነችው አህያ

አንድ ጊዜ፣ ጉም ከሐይቁ ላይ ተነስቶ እስከ ቀትር በማይገፈፍበት፣ ነቅቶ የሚሄደውና ተኝቶ የሚያልመው በማይለይበት ሜዳ ላይ፣ አንዲት አሮጊት አህያ ታማ ተኝታ ነበር። ሆዷ ውስጥ እጢ በቅሎባታል። እንደማይድን እሷም ታውቃለች፤ ዘመዶቿም አውቀው ወደ ለመለመው ማዶ ተሻግረዋል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባል የለ? የእሷ ባልማ ለማስጣል ቀርቶ ለመሰናበትም አልቆየ።

የአራዊት ንጉሥ አንበሳ በዚያ ሲያልፍ ጠራችው።

«ጌታዬ፣ ሕመሙ እንቅልፍ ነስቶኛል። መዳን እንደሌለኝ አውቃለሁ። እባክዎ በአንድ ጥፊ ይገላግሉኝ።»

አንበሳ ደነገጠ። እስከ ዛሬ የገደለው ተርቦ ወይም ተቆጥቶ ነው፤ አዝኖ ገድሎ አያውቅም። ግራ ቢገባው ዋርካው ሥር ሸንጎ ጠራ።

ነገሩ ተነግሮ ሳያልቅ ጅብ ከተቀመጠበት ብድግ አለ።

«ንጉሥ ሆይ፣ የእርስዎን እጅ ለምን ያቆሽሻሉ? እኔ አለሁ አይደል! ለነፍሴ ብዬ እገላግላታለሁ። እኔ የምስኪን ስቃይ ማየት አልችልም!»

ይህን ሲል ለሃጩ ይንጠባጠብ ነበር።

ቀበሮ ሳቋን በጅራቷ ሸፈነች። «አያ ጅቦ፣ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚባለው በማያውቁት አገር ነው። እኛ እኮ እናውቅሃለን» አለችው። ከዚያ ወደ አንበሳ ዞራ፣ «ጌታዬ፣ የሜዳችን ሕግ ‹ይሙት ብሎ የሚፈርድ አስቀድሞ ያስታምም› ይላል። ዛሬ አያ ጅቦ ያስታምማት፤ ነገ ደግሞ እርስዎ» አለች። ብልጧ ቀበሮ ራሷን ከተራው እንዴት እንዳወጣች ልብ በሉ።

ጅብ ከሐይቁ በአፉ ውኃ ይዞ ለአህያዋ እንዲያመጣ ታዘዘ። አፉን ሞልቶ መጣ። አጠገቧ ሲደርስ ግን ጠረኗ አፍንጫውን ሞላውና ውኃውን ከምራቁ ጋር ዋጠው። ተመለሰ፤ ቀዳ፤ መጣ፤ ደግሞ ዋጠው። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ የጅብ ሆድ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ነበር። የአህያዋ ከንፈር ግን አንዲት ጠብታ አላገኘም።

«ኧረ በቃ!» ብሎ ጮኸ ጅብ። «ይህን ያህል ስቃይ ግፍ ነው! አሁኑኑ ትገላገል!»

«የማን ስቃይ?» አለች ቀበሮ ከቁጥቋጦው ጥላ ሆና።

ጅብ ሊያስብ ሞከረ። ስላልለመደበት ደከመውና እዚያው ወድቆ አንኮራፋ።

በማግስቱ ጠዋት ተራው የአንበሳ ሆነ። ወደ ሐይቁ ገብቶ ጎፈሩን ነከረና እየተንጠባጠበ በጉሙ ውስጥ መጣ። ጎንበስ ሲልላት አህያዋ ውኃውን ከጎፈሩ ጫፍ እየመጠጠች ጠጣች። በጅራቱ ዝንቡን አባረረላት። ስታቃስት ሰማት። ዋርካው ሥር ተቀምጦ ይህን ድምፅ ሰምቶት አያውቅም፤ ሊገላግላትም ክንዱን ሊያነሳ ቃጣው። ግን ቀድሞ ጠየቃት።

«እመት አህዪት፣ በጣም የሚያሰቃይሽ ምንድን ነው?»

«ሆዴ ነዋ፣ ጌታዬ። ግን እውነቱን ልንገርዎት? ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከሆዴም የባሰ አለ። ያኔ አያ ጅቦ ይዞረኛል። እኔ ደግሞ ብቻዬን ነኝ። በቁሜ ከሚበላኝ በእርስዎ ጥፊ ልሙት ብዬ ነው።»

አንበሳ አጠገቧ ጋደም አለ። «እንግዲህ እኔ ከአጠገብሽ አልጠፋም፤ ማንም አይዞርሽም» አላት። ከዚያ ቀበሮን ጠራ።

«ሕመም የሚያደነዝዝ ሥር ታውቂያለሽ ይባላል።»

ቀበሮ ጆሮዋን አከከች። «ለክፉ ቀኔ ብዬ የደበቅኩት ነበር… ደግሞም አያድንም እኮ!»

«ያድናል አላልኩሽም» አለ አንበሳ። ቀበሮም እያጉረመረመች ቆፍራ አመጣች።

አህያዋ ሥሩን አኝካ ተኛች። ስትነቃ ፊቷ በርቶ ነበር። «በሕልሜ በሐይቁ ላይ ስሄድ አየሁ። ጀርባዬ ላይ ምንም ጭነት የለም። መንገዱ አያልቅም፣ እኔም አልደክምም» አለች።

ከዚያ ወዲያ አንበሳ በየጠዋቱ፣ «ዛሬስ ልገላግልሽ?» ይላታል። እሷም አስባ፣ «ዛሬስ ይቅር» ትላለች። ሥሩ አልበቃ ብሏት ጥርሷን የምታፋጭባቸው ጠዋቶችም ነበሩ፤ ያኔ አንበሳ መልሷን እየፈራ ነበር የሚጠይቃት።

«አንድ ቀን ‹አዎ› ብትልዎትስ?» አለችው ቀበሮ።

«አላውቅም» አለ አንበሳ። «ግን መልሱን እዚሁ አጠገቧ ሆኜ እፈልገዋለሁ እንጂ ከሩቅ ሆኜ አልፈርድም።»

አንድ ጠዋት ሲጠይቃት አልመለሰችለትም። ጭንቅላቷን መዳፉ ላይ እንዳሳረፈች በእንቅልፏ ሄዳለች።

ጅብ ከሩቅ አንገቱን አስግጎ ብቅ አለ። «ጌታዬ፣ አሁንስ?»

አንበሳ መዳፉን ከሥሯ አላወጣም።

«አሁንማ» አለው ቀስ ብሎ፣ «ኮቴህን አታሰማ፤ ተኝታለች።»

ከዚህ የምንማረው፣ የታመመ ሰው ሞትን ሲለምን አዎ ወይም አይሆንም ከማለታችን በፊት አጠገቡ ተቀምጠን ምን እንዳስፈራው መጠየቅ እንዳለብን ነው።