ባለ ቀይ ላባው ጃርት

ተረት ላውራችሁ፣ ጆሮ ያለው ይጠጋ። አራዊት ለአያ አንበሶ የሚገብሩትን እያሰላ የሚኖር አንድ ጃርት ነበር። የግብር አስሊዎች ማኅበር ሊቀ መንበር እመት ቀበሮ መጣችና፣ “በዓመት አንድ ገንቦ ማር እያዋጣህ አባል ሁን፤ ይህን ቀይ ላባ ራስህ ላይ ትሰካለህ” አለችው። ጃርት አንጀቱ እያረረ ከፈለ። ላባው ግን እውነትም ሠራ፤ ደንበኛው ሁሉ “ባለ ላባው የታለ?” እያለ ጎረፈ። ጃርትም ኮራ።

በዓመቱ ግብሩ ጎደለና አንበሳ፣ “ማነው ያሰላው?” ብሎ አገሳ። ላባ የሌላቸው አስሊዎች ሣር ውስጥ ተሸሸጉ፤ አራዊቱም “ባለ ላባው!” አሉ።

ጃርት ከአንበሳ መዳፍ ሥር ሆኖ፣ “እመት ቀበሮ፣ ይድረሱልኝ! አባል ነኝ እኮ!” ሲል ጮኸ።

ቀበሮ እየሮጠች ደረሰች። ጃርት እፎይ አለ። እሷም ላባውን ቀስ አድርጋ ነቀለችና፣ “የማኅበሩ ንብረት ነው፤ ደም እንዳይነካው” አለች።