ከጉድጓዱ ዳር የተነሣው ድንጋይ

አንድ ድንጋይ ጠራቢ በባቡር መንገድ ዳር በተቆረቆረች ትንሽ የቆላ ከተማ ይኖር ነበር። በዳሳ ይባላል። ባቡሩ መምጣቱን ካቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ሐዲዱም አሸዋ ለብሷል።

አንድ ቀን የከተማዋ ሹም በዳሳን አስጠራው። «ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ። አሮጌው ጣቢያ ደጃፍ ላይ የታሪክ ድንጋይ እናቁም። ጣቢያው ሲመረቅ የተገኙትን ሰዎች ስም ቅረጽበት» አለና ረጅም ዝርዝር ሰጠው። በዝርዝሩ ገዥው አለ፣ መሐንዲሱ አለ፣ ለገዥው ጥላ የያዘው ሰው እንኳ አልቀረም። በዳሳ ደስታውን አልቻለውም። ዕድሜ ልኩን ወፍጮና የቤት መሠረት ሲጠርብ የኖረ ሰው አሁን የእሱም ስም «ቀራጩ» ተብሎ ከድንጋዩ ግርጌ ሊጻፍለት ነው።

ለሥራው የሚሆን ድንጋይ ፈልጎ ፈልጎ ያገኘው ከአሮጌው የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ካለው ክምር ነበር። በዚያች ከተማ ውኃ ሊቀዳ የሚሄድ ሁሉ ከመንገድ አንድ ድንጋይ አንሥቶ ክምሩ ላይ ይጥላል። ለምን እንደሚጥል የሚጠይቅ የለም፤ አባቱ ሲጥል አይቶ ይጥላል። በዳሳም ሰፊውንና ለስላሳውን ድንጋይ ከሥር ፈንቅሎ ወሰደ።

ስሞቹን ቀርጾ ሊጨርስ ሲል አዴ ሩምያ የሚባሉ አሮጊት በትራቸውን ተደግፈው መጡ። ድንጋዩን ሲያዩ ደነገጡ።

«ልጄ፣ ይህን ከየት አነሣኸው?»

«ከጉድጓዱ ዳር ነው እማማ። ዝም ብሎ የተከመረ ድንጋይ አይደል?»

«ዝም ብሎ? አባቴ እኮ ነው ከሥሩ ያለው! ውኃ ካልተገኘ ባቡሩ ከዚህ አያልፍም ተባለና ሦስት ሰዎች ጉድጓዱን ቆፈሩ። ውኃው በወጣ ዕለት አፈሩ ተደርምሶ ሦስቱንም በላቸው። አውጥተው እዚያው ቀበሯቸው። ጅብ እንዳያወጣቸው አላፊ አግዳሚው ሁሉ ድንጋይ ይጣልባቸው ተባለ። የማን ቤት ፈርሶ የማን ሊበጅ!»

በዳሳ አንገቱን ደፋ። በዕድሜው እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

«ስማቸውን ይንገሩኝ» አላቸው።

«አባቴ ጡሃ ይባላል። የሁለቱን ግን እኔም ረሳሁት» ብለው አለቀሱ።

በዳሳ ድንጋዩን ገልብጦ በጀርባው ሌላ ጽሑፍ ቀረጸ። በማግስቱ ማለዳ በጋሪ ጭኖ ወሰደና የሹማምንቱን ስም ወደ መሬት አድርጎ ክምሩ ላይ አጋደመው። ሹሙ ሰምቶ እየሮጠ መጣ። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦ «ጡሃና ስማቸውን የረሳናቸው ሁለት ሰዎች ይህን ውኃ አውጥተው እዚህ ሞቱ።»

«‹ረሳናቸው› ብለህ ድንጋይ ላይ ትጽፋለህ? በእንግዳ ፊት ልታዋርደን ነው?» ብሎ ጮኸበት።

«ያዋረደንስ መርሳታችን ነው ጌታዬ» አለ በዳሳ። «እኔማ የሰው መቃብር አፍርሼ ጥላ ያዥ ላወድስበት ነበር።»

ሹሙ በዳሳን አባረረው፤ ለጣቢያው ከሌላ ከተማ እብነ በረድ አስመጣ። እንግዶቹም አጠገቡ ፎቶግራፍ ተነሥተው ሄዱ። የበዳሳ ስም የትም አልተጻፈም። ውኃ ቀጂዎች ግን ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ሲጥሉ እንደየእምነታቸው ለሦስቱ ይጸልያሉ።

ሐውልት ለማቆም የምንቸኩል ሁሉ አስቀድመን እግራችን የቆመበትን መሬት ብንጠይቅ መልካም ነው። የመረቀውን ሰው ድንጋዩ ይነግረናል፤ የሞተበትን ግን እኛ ካልጠየቅን ማንም አይነግረንም። ወዳጄ፣ አንተስ ዛሬ ጠዋት የጠጣኸውን ውኃ ማን ቆፍሮ እንዳወጣው ጠይቀህ ታውቃለህ?